«ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር»፦ ሳይንስ የሰውን ዕድሜ እጅግ ሊያራዝም ይችላልን?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መድረክ ላዘጋጁት ባልደረቦቼ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የዛሬው ርእስ የተገኘው ከአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስለ ሕዋስ ክፍፍል ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ሳይንስ ሰውን 150 ወይም 200 ዓመት ሊያኖር ይችላል የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍለ ጊዜው ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ስለነበር «ሰፊ ጉዳይ ነው» ብዬ አለፍኩት። ከክፍል የወጣሁት ግን የሰጠሁት መልስ መልስ እንዳልነበረ እያወቅሁ ነው። የዛሬውን ንግግር የዚያ ዕዳ መክፈያ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

ጥያቄው ለእኔ የክፍል ጥያቄ ብቻ አለመሆኑንም ልናገር። እናቴ የተወለደችው በራሷ አነጋገር «ጠላት በወጣ በዓመቱ» ነው፤ ሲሰላ 1934 ዓ.ም ላይ ያርፋል። ሰው «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥሽ» ብሎ ሲመርቃት፣ አሜን ከማለቷ በፊት «ከጤና ጋር በል እንጂ!» ትል ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመርሳት በሽታ ይዟት አንዳንድ ቀን እኔን በሟቹ አጎቴ ስም ትጠራኛለች። ሥነ ሕይወትን ሠላሳ ዓመት ገደማ አስተምሬ፣ የዚያች እርማት ትርጉም በቅጡ የገባኝ አሁን ነው። ምርቃታችን ሁለት ነገር ይለምናል፤ ዕድሜንና ጤናን። ሁለቱ አብረው እንደሚመጡ ማንም ዋስትና አልሰጠንም።

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። በዜናም በመማሪያ መጽሐፍም «አማካይ የዕድሜ ጣሪያ» የሚባል አነጋገር አለ። ይህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አስሮ አደናግሮናል። አማካይ ሌላ ነው፣ ጣሪያ ሌላ ነው። በአንድ መንደር አሥር ልጆች ተወለዱ እንበል። አራቱ ገና በጨቅላነታቸው ሞቱ፤ ስድስቱ ሰባ ሰባ ዓመት ኖሩ። የመንደሩ አማካይ ዕድሜ 42 ነው። በሚቀጥለው ትውልድ ክትባትና ንጹሕ ውኃ ገብቶ አሥሩም ሰባ ዓመት ቢኖሩ፣ አማካዩ ከ42 ወደ 70 ያድጋል። ሆኖም በዚያ መንደር ከሰባ ዓመት በላይ የኖረ አንድም ሰው የለም። አማካዩ በ28 ዓመት ሲያድግ ጣሪያው አንዲት ስንዝር እንኳ አልተነሣም።

ያለፈው ምእተ ዓመት የሰው ልጅ ትልቁ ድል በአመዛኙ የዚህ ዓይነት ነው። በአገራችንም ያየነው ይኸው ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን መሠረት፣ በ2000 ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በ1990 ገደማ ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ ዕድሜያችን ዛሬ ከ65 ያለፈው በዋነኛነት ልጆቻችን መሞት ስላቆሙ እንጂ አረጋውያኖቻችን ከቀድሞዎቹ አረጋውያን እጅግ የበለጠ ስለኖሩ አይደለም። ስለዚህ «አማካዩ በመቶ ዓመት ውስጥ እጥፍ ከሆነ በሚቀጥለው መቶ ዓመት 140 እንገባለን» የሚለው ስሌት የተሳሳተ ነው። ከሞት የሚታደጉት ሕፃን አንድ ጊዜ ነው የሚታደጉት፤ ያ ምንጭ እየተሟጠጠ ይሄዳል።

ታዲያ ጣሪያው የት ነው? በሰነድ ተመርምሮ ከተረጋገጠው ሁሉ ረጅሙን ዕድሜ የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ናቸው። በየካቲት 1875 ተወልደው በነሐሴ 1997 ሲያርፉ 122 ዓመት ከ164 ቀን ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ አልፏል፤ በዓለም ላይ የአረጋውያን ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጓል፤ ሕክምናም ረቅቋል። ይሁንና ያን ድንበር የተሻገረ አልተገኘም።

«በእኛ አገር እኮ 150 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ አሉ» የሚል ድምፅ ከአዳራሹ እንደሚነሣ እገምታለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ በየጊዜው ይሰማል። አረጋውያኑን ውሸታም ማለት አይገባም፤ ችግሩ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። የእናቴ የልደት ማስረጃ የአንድ ጦርነት ማብቂያ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአሜሪካ ግዛቶች የልደት የምስክር ወረቀት ሥራ ላይ ሲውል ከ110 ዓመት በላይ ኖሩ የተባሉ ሰዎች ቁጥር በ69 እና በ82 በመቶ መካከል ማሽቆልቆሉን ሳውል ኒውማን የተባለ ተመራማሪ አሳይቷል። መዝገብ ሲገባ ማቱሳላዎች ይጠፋሉ።

ጣሪያው ለምን ጠነከረ? መልሱ የሚጀምረው ከ1825 ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብና የመድን ባለሙያ ቤንጃሚን ጎምፐርዝ የሟቾችን ሠንጠረዥ ሲመረምር አንድ ሕግ አገኘ። ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በየዓመቱ የመሞት ዕድሉ በቋሚ ፍጥነት እየተባዛ ይሄዳል። ዛሬ ባለን መረጃ በየስምንት ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ማለት ቀላል ይመስላል፤ አስሉት። ከ30 እስከ 70 ዓመት አምስት ጊዜ ይታጠፋል፤ አደጋው 32 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 94 ዓመት ላይ ስንደርስ 256 እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሕግ አንድ መራራ ውጤት ይከተላል። አንዱን በሽታ ብናጠፋ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። በአሜሪካ በተሠራ ስሌት መሠረት ካንሰር ከምድረ ገጽ ቢጠፋ እንኳ አማካይ ዕድሜ የሚጨምረው በሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ከካንሰር የተረፈውን አረጋዊ የልብ ሕመም፣ የአንጎል የደም ዝውውር መታወክ ወይም የመርሳት በሽታ ብዙም ሳይቆይ ይደርስበታልና። ስለዚህ ዕድሜን እጅግ ለማራዘም በሽታዎችን አንድ በአንድ ማሸነፍ አይበቃም፤ የሁሉም መነሻ የሆነውን እርጅናን ራሱን ማዘግየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «አንድ ሺህ ዓመት» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ላስረዳ። ኦብሪ ደ ግሬይን የመሳሰሉ ሰዎች አንድ ሺህ ዓመት የሚኖረው ሰው ምናልባት ተወልዶ ይሆናል ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እርጅና ቢቆምና ሰው በየዓመቱ የመሞት ዕድሉ እንደ ወጣት ከ1,000 አንድ ሆኖ ቢቀር፣ አማካይ ዕድሜው በሒሳብ 1,000 ዓመት ይሆናል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገሩ ያለው «እርጅና ቢቆም» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ሰው በመኪና አደጋ መሞቱ አይቀርም፤ ያ ዘለዓለማዊነት አይደለም።

እርጅናን ማቆም ወይም ማዘግየት የተፈጥሮ ሕግ የከለከለው ነገር ነውን? አይደለም። ማስረጃው በዙሪያችን አለ። የቤት አይጥ ሦስት ዓመት ከኖረች ብዙ ኖረች። በአርክቲክ ውኆች የሚኖር አንድ የዓሣ ነባሪ ዝርያ ግን ከ200 ዓመት በላይ ይኖራል። በ2016 የወጣ ጥናት የግሪንላንድ ሻርክ ዕድሜ ቢያንስ 272 ዓመት ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የራሳችን ምድር እንስሳ ነው። በምሥራቅና በደቡብ ቆላማ አካባቢዎቻችን፣ በኬንያና በሶማሊያም ጭምር፣ ከመሬት በታች ጉድጓድ እየማሰ በንግሥት ሥር የሚኖር ጸጉር አልባ ፍልፈል አለ። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1842 ነው። በመጠኑ ከአይጥ አይበልጥም፤ ዕድሜው ግን ከ30 ዓመት ይሻገራል፤ ካንሰርም እጅግ ብርቅ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ በቤተ ሙከራ የተያዙትን ፍልፈሎች የብዙ ዓመታት መዝገብ መርምሮ፣ ቢያንስ በተመዘገቡት ዕድሜዎች ውስጥ፣ የመሞት ዕድላቸው ከዕድሜያቸው ጋር እንደማይጨምር አመለከተ። የጎምፐርዝ ሕግ የማይገዛው አጥቢ እንስሳ ከእግራችን ሥር ይኖራል ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ለምን እናረጃለን? ፒተር ሜዳዋርና ጆርጅ ዊሊያምስ በ1950ዎቹ፣ ቶማስ ኪርክውድም በ1977 ያቀረቧቸው ማብራሪያዎች በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚያየው ዘር እስኪተካ ድረስ ነው። በዱር የሚኖር እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ በአውሬ፣ በረሃብ ወይም በበሽታ ስለሚሞት፣ አካሉን ለመቶ ዓመት የሚበቃ አድርጎ መጠገን ለዘሩ ጥቅም የለውም። በወጣትነት የሚጠቅም ዘረመል በእርጅና ቢጎዳ እንኳ ይመረጣል። ስለዚህ በሰውነታችን ውስጥ «አሁን ሙት» የሚል አንድ ሰዓት አልተቀበረም። ያለው የጥገና መላላት ነው፤ በሺህ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ።

ይህ ሐሳብ ተስፋም ፈተናም አለው። ተስፋው፣ ጥገናን ማጠናከር በመርሕ ደረጃ መቻሉ ነው። ፈተናው፣ አንዱን ማላላት ሌላውን ማጥበቁ ነው። ሌናርድ ሄይፍሊክ በ1961 የሰው ሕዋሳት በቤተ ሙከራ 50 ጊዜ ገደማ ከተከፈሉ በኋላ እንደሚያቆሙ አሳየ። ከምክንያቶቹ አንዱ የክሮሞዞሞች ጫፍ የሆኑት ቴሎሜሮች በየክፍፍሉ ማጠራቸው እንደሆነ በኋላ ታወቀ፤ ቴሎሜሮችና እነርሱን የሚያድሰው ኢንዛይም የተገኙበት ሥራ በ2009 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። «እንግዲያውስ ቴሎሜሩን እናርዝመው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው! የክፍፍሉ ገደብ እርጅናን ቢያመጣብንም ከካንሰር የሚጠብቀን አጥርም ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 የጎለመሰን የአይጥ ሕዋስ በአራት ዘረመሎች አማካይነት ወደ ጽንስ ዘመኑ መመለስ እንደሚቻል ሲያሳይ ዓለም ተደነቀ፤ በሕያው አካል ውስጥ ይህ ለውጥ ዳር ሲደርስ ግን ዕጢ ያበቅላል። ዛሬ ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚደክሙት ሕዋሱን ማንነቱን ሳያስረሱ በከፊል ለማደስ ነው።

በሙከራ የተገኘውን ውጤት በቅደም ተከተል እንየው። በ1935 ክላይቭ ማኬይና ባልደረቦቹ ምግባቸው የተቀነሰባቸው አይጦች ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ አሳዩ። በ1993 ሲንቲያ ኬንየን አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ውስጥ አንድ ዘረመል ብቻ በመለወጧ የትሏ ዕድሜ እጥፍ ሆነ። በ2009 ራፓማይሲን የተባለ መድኃኒት ለአይጦች በእርጅናቸው መባቻ ተሰጥቶ የሴቶቹን የዕድሜ ጣሪያ በ14፣ የወንዶቹን በ9 በመቶ ከፍ አደረገ። በጦጣዎች ላይ በአሜሪካ የተካሄዱ ሁለት የረጅም ጊዜ የምግብ ቅነሳ ጥናቶች ግን መጀመሪያ ላይ የማይስማማ ውጤት አመጡ፤ አንዱ ዕድሜ ረዘመ ሲል ሌላው አልረዘመም አለ። ከሰባት ዓመታት በፊት የነበረ ተማሪ «ቁልቁለት ይመስላል» ብሎኛል፤ ትክክል ነው። በትል እጥፍ፣ በአይጥ ከመቶ ጥቂት፣ በጦጣ አከራካሪ። በሰው ላይስ? እስከ ዛሬ የሰውን የዕድሜ ጣሪያ ከፍ ማድረጉ የተረጋገጠ አንድም መድኃኒት የለም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በማኅበራዊ ሚዲያ «ፀረ-እርጅና» እየተባለ የሚሸጠውን ስለማይ ነው። በዚህ ጉዳይ ታላላቅ ሊቃውንትም ተሰናክለዋል። ዝነኛው ሐኪም ሻርል ብራውን-ሴካር በ1889፣ በ72 ዓመታቸው፣ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሳቸውን ወግተው ወጣትነቴ ተመለሰ ብለው በፓሪስ ለሳይንስ ጉባኤ ተናገሩ፤ በአምስተኛው ዓመት አረፉ። በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤልያ ሜችኒኮፍ የእርጅና መንስኤ በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መርዝ ነው ብለው አምነው እርጎ አዘውትረው ይጠጡ ነበር፤ በ71 ዓመታቸው ሞቱ። እርጎውን አልነቅፍም፤ እኔም እወዳለሁ። የምነቅፈው ምኞት ማስረጃን ቀድሞ መሄዱን ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬ ያልሰጠሁትን መልስ ልስጥ። ጥያቄው ሦስት ነው፤ መልሱም ሦስት ነው።

አማካይ ዕድሜ ይጨምራል ወይ? አዎ፤ በተለይም እንደ እኛ ባሉ አገሮች ገና ብዙ የሚቀር አለ።

የጤና ዓመታት ይጨምራሉ ወይ? ይህም ይቻላል፤ በከፊልም በእጃችን ነው። በ2024 የወጣ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ሪፖርት ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 መንስኤዎች ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። የደም ግፊት፣ የመስማት ችግር፣ ማጨስና በልጅነት ትምህርት አለማግኘት ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ዝርዝሩን ሳነብ የመጨረሻው ላይ ቆምኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እርጅናን ከሚያዘገዩ ነገሮች አንዱ በየቀበሌው የሚሠራ ትምህርት ቤት መሆኑን ያን ዕለት ተረዳሁ።

ጣሪያው ወደ 150 ይነሣል ወይ? በመርሕ ደረጃ የሚከለክል ሕግ አላውቅም፤ ሻርኩና ፍልፈሉ ምስክሮቼ ናቸው። በእኔና በእናንተ ዘመን ይሆናል ለማለት ግን ማስረጃ የለም። በ2000 ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ስቲቨን ኦስታድና ጄይ ኦልሻንስኪ፣ በዚያ ዓመት በሕይወት ከነበሩት መካከል እስከ 2150 ድረስ 150 ዓመት የሚሞላው ሰው ይኖራል፣ አይኖርም ብለው እያንዳንዳቸው 150 ዶላር አስይዘው ተወራረዱ። ገንዘቡን የሚወስዱት ወራሾቻቸው ናቸው። እኔ ብወራረድ ይኖራል ካሉት ከኦስታድ ጋር ሳይሆን ከኦልሻንስኪ ጋር እሰለፋለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ያ ሰው ተወልዷል፤ እያረጀም ነው። ስለዚህ የሚመጣው ሕክምና እርጅናን ማዘግየት ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ጉዳት መመለስ አለበት። ብሸነፍ ግን ደስ ይለኛል።

ከመደምደሜ በፊት የማን ዕድሜ ነው የሚረዝመው የሚለውን ላንሣ። በጦጣ አከራካሪ የሆነ ነገር ላይ ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ ሲያፈሱ፣ በዋጋ ርካሽ በሆነ የደም ግፊት መድኃኒት እጦት ሰው ይሞታል። ይህ ማለት ግን ጥናቱ አይመለከተንም ማለት አይደለም። ራፓማይሲን የተገኘው ከኢስተር ደሴት አፈር ነው፤ ስሙንም ያገኘው የአገሬው ሰዎች ደሴቲቱን ከሚጠሩበት ከራፓ ኑይ ነው። ነዋሪዎቹ ከስሙ በቀር ያገኙት ትርፍ አልታየም። ጸጉር አልባው ፍልፈልም በምድራችን እየኖረ ስለ ዕድሜው የታተመው ምርምር ግን በአመዛኙ የውጭ ቤተ ሙከራዎች ሥራ ነው። በ2023 ተመራማሪዎች አንዱን የፍልፈሉን ዘረመል ወደ አይጥ አዛውረው የአይጦቹን አጋማሽ ዕድሜ በ4.4 በመቶ አሳድገዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መንገዱ ግን ተከፍቷል። ከእናንተ መካከል ቢያንስ አንድ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ሲመርጥ ወደ ቆላው እንዲመለከት እመኛለሁ። የአገራችን አረጋውያን ትክክለኛ ዕድሜና ጤና መዝገብ ደግሞ ቤተ ሙከራ እንኳ አይፈልግም፤ እስክሪብቶ፣ ትዕግሥትና ሐቀኝነት ይበቃል።

ውድ ተማሪዎች፤ ሳይንስ ዓመት ሊጨምርልን ይችላል። ልጁን የማያውቅበትን ሃያ ዓመት የሚመኝ ሰው ግን አላየሁም። ስለዚህ ስለ ዕድሜ ማራዘም አዲስ ግኝት ስትሰሙ «ስንት ዓመት?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «የምን ዓይነት ዓመት? በማን ላይ ተሞከረ? ለማንስ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። እናቴ ምርቃቱን ታርም የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። እኔም እርሷ ባረመችው ቃል እሰናበታችኋለሁ፤ ረጅም ዕድሜ፣ ከጤና ጋር፣ ይስጥልን።